የላንቬር አስተርጓሚ

በሬዎቹ ዳገቱ መሃል ላይ ቆሙ። ዊልሞት ትሬጊር ጅራፏን አላነሳችም። ከኋላዋ ይከተላት የነበረው ወታደር ግን በጦሩ ዘንግ የግራውን በሬ ታፋ ነረተው። በሬው ዞር ብሎ አየውና ጭራውን ቀና አድርጎ ጫማው ላይ እበቱን ለቀቀበት።

«ደግ አደረግህ፣ የኔ ጌታ» አለችው ለበሬው።

ወታደሩ እየጮኸ ጫማውን በሣር ጠረገ። ስድቡ እንግሊዝኛ እንኳ አልነበረም። የንጉሡ አማካሪዎች የገዛ ሕዝባቸውን እንዲወጉላቸው ከባሕር ማዶ በደሞዝ ካስመጧቸው ጀርመኖች አንዱ ነው። ለዊልሞት ጀርመንኛውም እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ የምታውቀው የኮርንዋልን ቋንቋ፣ ኮርኒሽን፣ ብቻ ነው፤ እናቷም አያቷም ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። በላንቬር መንደር ከከብትና ከዓሣ ዋጋ ያለፈ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ቄሱ፣ አባ ኖዌል ነው።

መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከቋንቋ ነገር ነው። በሰኔ ወር፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ የእንግሊዝ ንጉሥና በስሙ የሚገዙት መኳንንት አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ላኩ። በላቲን መቀደስ ቀረ፤ ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። «ላቲኑንስ መቼ ታውቁት ነበር?» ይላሉ እንግሊዞቹ። እውነት ነው፣ ዊልሞት ላቲን አታውቅም። የት ላይ እንደሚንበረከኩ፣ የት ላይ እንደሚያማትቡ፣ ቃጭሉ ሦስቴ ሲመታ ምን እየሆነ እንዳለ ግን ከእናቷ ጀርባ ሳትወርድ ያወቀችው ነው። ያ የራሷ ነበር። አዲሱ መጽሐፍ የሚናገረው በጌቶች አፍ ነው፤ ግብር ሲጠየቁ፣ ሲከሰሱ፣ ሲታሰሩ በሚሰሙት ቋንቋ። እግዚአብሔርም በዚያ ቋንቋ ከተናገረ የት ሄደው አቤት ይላሉ?

በማግስቱ የላንቬር ትልቁ ደወል ተደወለ። አርባ አንድ ወንድ ማጭድና መንሽ፣ ያለው ደግሞ ቀስት ይዞ ወጣ። ከሌላው የኮርንዋል ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው እስከ ኤክሰተር ሄዱ፤ ከተማዋን ከበቡ። በነሐሴ የንጉሡ ጦር ደረሰና እንደ አጃ አጨዳቸው። የተመለሱት አሥራ አንድ ናቸው። የዊልሞት ባል ኡዲ ከአሥራ አንዱ መሃል የለም። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ የነገራትም የለም።

አሁን መስከረም ነው። ሰዉን ቀጥተው ሲጨርሱ ወደ ደወሎቹ ዞረዋል። ሕዝቡን ያስነሳው ደወል ነውና ከየቤተ ክርስቲያኑ ትንሿ ብቻ ትቅር፣ ሌላው ይውረድ ተብሏል። ለማውረድ በሬ ያስፈልጋል። በላንቬር ደግሞ ወታደር አርዶ ያልበላው ጥንድ በሬ የዊልሞት ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ስትደርስ መንደሩ ተሰብስቦ ቆሟል። የደወሉ ማማ መስኮት ላይ አናጢዎች ግንድ አጋድመው ወፍራም ገመድ እያስተላለፉ ነው። ሌላ ገመድ ደግሞ ከመቃብሮቹ መሃል ካለው ጥድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀጠን ያለ፣ ጫፉ የተሸመቀቀ።

«ያኛው ለማን ነው?» አለቻት ጎረቤቷን ታምሲንን።

«ለአባባ ጆሪ።»

«ለማን?»

«ለአባባ ጆሪ አልኩሽ እኮ። በጰራቅሊጦስ ማግስት ደወሉን ደውለዋል ተብለው። የንጉሡ ሹም ገና ከፈረሱ ሳይወርድ የማማውን ቁልፍ ማን ይይዛል ብሎ ጠየቀ፤ ገበዙ ነው አሉት፤ በቃ፣ ያዟቸው።»

«እሳቸው መቼ ደወሉ?»

ታምሲን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ዝም በይ፣ ዊልሞት። ዝም በይ። የኔ ልጅ ከተመለሱት አንዱ ነው።»

ዊልሞት ዙሪያዋን ተመለከተች። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እዚህ ቆሞ ያለ ሰው በሙሉ ያውቃል፤ መንደር ነውና። ጆሪ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ ሻማውን፣ ጽዋውን፣ ቁልፉን የሚጠብቅ እሱ ነው። በዚያን ሰኞ ግን ወገቡ ይዞት ከአልጋው አልወረደም፤ ቁልፉን ልኮ ነበር። የተላከለት ሰውም ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አባ ኖዌልን በጎን በር አገኘችው። ልብሰ ተክህኖውን ሁሉ ወታደሮቹ ወስደውበት በተራ ጥቁር ቀሚስ ቆሟል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው፤ በዚህ ክረምት ግን ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቷል።

«አባ።»

«አሁን አይሆንም፣ ዊልሞት። እየጠሩኝ ነው።»

«ምን ሊያስተረጉሙዎት ነው? የአባባ ጆሪን ሞት?»

ወደ ግድግዳው ጎተታት። «ስሚኝ፣ ልጄ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት በዚህ ምላስ ስንት ሰው እንዳወጣሁ ታውቂያለሽ? የታምሲን ልጅ ፊታቸው ቆሞ ‹ነገም ብትመጡ እወጋችኋለሁ› ሲላቸው፣ እኔ ‹ተጸጽቷል፣ እናቱን ይጦራል› ብዬ ተረጎምኩ። ፓስኮን እንደዚሁ። የወፍጮውን አሽከር እንደዚሁ። ሦስት ነፍስ! እኔ ከሌለሁ ነገ ማን ይዋሽላችኋል?»

«አራተኛው አባባ ጆሪ ይሁኑዋ!»

«ሞክሬያለሁ። ቁልፉ ጠለፋቸው። ሹሙ የታዘዘው ከየማማው አንድ ሰው እንዲሰቅል ነው። አንድ ደወል፣ አንድ አንገት። ሳይወስድ አይሄድም።»

«አንገት እርስዎም አለዎት።»

 «ያውቃሉ እኮ» አለ አባ ኖዌል ዝግ ባለ ድምፅ። «አባባ ጆሪ ዝም ያሉት አውቀው ነው።»

«እሳቸው ዝም ካሉ እርስዎም ዝም ይላሉ ማለት ነው?»

ወታደር ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ሹሙ ሰር ራልፍ ዴንቢ ይባላል። ጠረጴዛና ወንበር ከቤተ ክርስቲያኑ አስወጥቶ ከጥዱ ሥር ተቀምጧል። ጓንቱን አውልቆ ከአባ ኖዌል ጓሮ የተለቀመ የፖም ፍሬ በካራ ይልጣል። ጢሙ የተስተካከለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ መልኩ ክፉ የማይባል ሰው ነው። ከላንቬር ቀጥሎ ሳይመሽ ሦስት ማማ ይጠብቀዋል። በፊቱ የስም ዝርዝር፣ ቀለም፣ አዲሱ የንጉሡ መጽሐፍም ተቀምጧል።

ጆሪ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ሹሙ ሲናገር ቄሱ ወደ ኮርኒሽ ይመልሳል፤ ጆሪ ሲመልስ ወደ እንግሊዝኛ።

«የማማው ቁልፍ የእርስዎ ነው ወይ ይላል።»

«የኔ ነው።»

«በጰራቅሊጦስ ማግስት ትልቁን ደወል ደውለው ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያስነሱት እርስዎ ነዎት ወይ ይላል።»

«ቁልፉ የኔ ነው አልኩ እኮ።»

«ሌላ የሚሉት አለ?»

«ወገቤን አሞኛል፤ ይቸኩሉልኝ ይበሉልኝ።»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሁለት ሰው ሳይወድ ሣቀ። ሹሙ ቀና ሳይል ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። እንደ ደንቡ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ቄሱም ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ለዚህ ሰው የሚናገር አለ ወይ ይላል» አለ። ድምፁ መልስ እንደማይጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ እናገራለሁ።»

ዊልሞት ጅራፏን ቀንበሩ ላይ ጥላ ወጣች። ታምሲን ሻሿን ያዘቻት፤ ሻሹ ታምሲን እጅ ላይ ቀረ። በባዶ ራሷ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«በዚያን ጠዋት ሻማ ላደርስ መጥቼ ነበር» አለች። «ደወሉን የደወለው አባ ኖዌል ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዳፉ እስኪላጥ ደወለ። የተላጠውን መዳፍ በአሳማ ስብ ያሸሁለት እኔ ነኝ። ከደወሉ ወርዶ ‹ዛሬ ቤቱ የሚቀር ወንድ ክርስቲያን አይደለም› ያለው እሱ ነው። ባሌ የሄደው ያንን ሰምቶ ነው። አባባ ጆሪ ታመው ተኝተው ነበር። ይኸው ነው። ተርጉም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከተናገረችው ነገር እኩል ያስደነገጣቸው አንተ ማለቷ ነው። አንድ ሰው ቄሱን አንተ ሲል በላንቬር ተሰምቶ አያውቅም።

አባ ኖዌል ወደ ሹሙ ዞረና ተናገረ። ረጅም ተናገረ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀና ከላጠው ፍሬ አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ከተተ።

«ምን አልከው?»

«ያልሽውን።»

«አላልክም።»

«ዊልሞት፣ በእመቤታችን...»

«እንግሊዝኛ አላውቅም። ስምህን ግን አውቃለሁ። በእኛም አፍ ኖዌል ነህ፣ በእነሱም አፍ ኖዌል ነህ። ካንተ አፍ ሲወጣ አልሰማሁም። ጆሪ ስትል ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ። ኖዌል አላልክም። እንደገና ተርጉም። ስምህን ጨምረህ።»

 ከዚያ ከኋላ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሁለት ወንድ ልጅ ኤክሰተር ያስቀረው ሳንደር «ተርጉም» አለ። ሌላ ሴት «ተርጉም!» አለች። አንድ ሦስተኛ ድምፅ። ሹሙ ካራውን አስቀምጦ ቀና አለ። ጠመንጃ የያዙት ወታደሮች የጠመንጃቸውን መለኮሻ ገመድ እፍ አሉ፤ ፍሙ ቀላ።

 አባ ኖዌል ወደ ሹሙ ዞሮ መናገር ጀመረ። በዚህ ጊዜ አጭር ነበር። ኖዌል የሚለው ቃል ሲወጣ ዊልሞት ሰማችው፤ ሁሉም ሰማው። እንዲገባው ብሎ ደግሞ በጣቱ ደረቱን ነካ።

ሹሙ ቄሱን አየ። ዊልሞትን አየ። ከዚያ ሣቀ፤ መንገድ መሃል የፈረሱ የኮቴ ብረት እንደወለቀበት ሰው፣ ተሰላችቶ። ዘለግ አድርጎ ተናገረና ወንበሩን ተደገፈ።

አባ ኖዌል አልተረጎመም።

«ምን አለ?» አለች ዊልሞት።

«‹ማን እንደደወለው ጉዳዬ አይደለም› ይላል። ‹የታዘዝኩት ከየማማው አንድ ሰው ነው፤ ሽማግሌውም ሰው ነው። ቁልፍ የሚይዝ በየመንደሩ ሞልቷል። የንጉሡን መጽሐፍ አንብቦ ለእነዚህ ከብቶች የሚያስረዳ ግን እዚህ አንድ አንተ ብቻ ነህ። አንተን ሰቅዬ መጽሐፉን ማን ያነብልኛል? መጽሐፉን አንሳና ለሽማግሌው የሞቱን ጸሎት አንብብለት።›»

«ከብቶች አለን?» አለ ሳንደር።

«ከብቶች አለ።»

ሳንደር አጎንብሶ ድንጋይ አነሳ። አፈሙዞች ተነሡ። አንዲት ሴት ጮኸች። ዊልሞት ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።  ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ የከረመችበት ሳምንት፣ የኡዲ ባዶ ቦታ፣ በሬዎቿን በጦር የሚነርተው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። እውነቱ ከተነገረ አንድ ነገር ይሆናል ብላ ነበር። እውነቱ ይኸው ተነገረ፤ ሰውየውም ሰማ፤ ፍሬውን መብላት አላቆመም።

«ድንጋዩን ጣለው፣ ሳንደር» አለ አባ ኖዌል። «ስሙኝ። ይህንን የምለውን ለማንም አልተረጉመውም፤ ለእናንተ ነው። ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ። ሂዱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የቀረሁትም እኔ ነኝ። ሴቶችና ሕፃናት ልጠብቅ ብያችሁ ነበር። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ዛሬም ስፈራ ነው የዋልኩት።»

መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሳ። ሹሙ በእጁ ወደ ጆሪ አመለከተው፤ ወታደሮቹም መንገድ ለቀቁለት። ቄሱ ጆሪን አልፎ ሄደ። የሹሙ ፈረስ ውሃ ወደሚጠጣበት የድንጋይ ገንዳ ደረሰ። እጅጌውን ሰበሰበ። መጽሐፉን ውሃው ውስጥ ከተተውና በሁለት መዳፉ ወደ ታች ተጭኖ ያዘው። ከገጾቹ መሃል አየር እየተንቦጨቦጨ ወጣ። ፈረሱ ራሱን ቀና አድርጎ አየው።

ሹሙ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። የጮኸውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ጆሪን ፈቱት። በዚያው ገመድ ቄሱን አሰሩት። ሹሙ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሰርዞ ሌላ ጻፈ፤ አንድ ማማ፣ አንድ አንገት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ እያመለከተ አንድ ትእዛዝ ተናገረና ቄሱን ጠበቀ። ሊሰቅለው ሰዓት ሳይቀረው እንኳ ያስተረጉመው ነበር።

«‹ሬሳው› ይላል...» አለ አባ ኖዌልና ቆመ።  «ሬሳዬ እስከ እሑድ እዚሁ ተሰቅሎ ይቆያል። ከዚያ በፊት ያወረደ ሰው እሱም ይሰቀላል። ይኸው ነው ያለው። ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቀነስኩም።»

አሟሟቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥለው እንደነበሩት ሰማዕታት አልነበረም። ጥዱ ሥር ሲደርስ ሁለት ወታደሮች አንጠልጥለው አቆሙት። በላቲን አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። «የዕለት እንጀራችንን» የሚለው ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ያቺኑ ቃል ደጋገመ፣ ደጋገመ፤ ወደፊት የምትሄድ አልሆነችም። ያን ጊዜ ታምሲን ከቆመችበት ተቀበለችው። ሳንደር ተቀበለው። ቀጥሎ መንደሩ በሙሉ፣ ትርጉሙን ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ያለውን ጸሎት፣ ከእንጀራው ጀምሮ እስከ አሜን አደረሰለት። ጆሪም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ዊልሞት ጸሎቱን አላለችም።  ከበሮ ተመታ። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፤ ያንን ያህል ይገባዋል ብላ አየች።

ከዚያ ደወሉ ወረደ። በሬዎቹን ራሷ ነዳቻቸው፤ ገመዱ ሲረግብ ደወሉ ቢወድቅ ሥሩ የቆሙት አናጢዎች የመንደሩ ልጆች ናቸውና። መውረጃው ላይ የማማውን ግድግዳ ገጨና አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሰዉ ሁሉ ባለበት ተሸማቀቀ። ጋሪ ላይ ጫኑት። የሹሙ ሰዎች ከጋሪው ፊት የነበሩትን የደከሙ ፈረሶች ፈትተው የዊልሞትን በሬዎች ጠመዱ፤ ጋሪውም መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ኧረ በሬዎቼን!» ብላ ሮጠች። «ማውረድ ብቻ ነው የተባልኩት! የምታርሱልኝ እናንተ ናችሁ? በምን ላርስ ነው?»

የጠዋቱ ወታደር ዞር ብሎ አንድ ነገር አላት። ምናልባት ነገ ይመለሳሉ ብሏት ይሆናል። ምናልባት እናርዳቸዋለን ብሏት ይሆናል። ጓደኞቹ ሣቁ። ዊልሞት እንደ ልማዷ ምን አለ ብላ ልትጠይቅ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ከጥዱ በቀር የምትጠይቀው አልነበረም።

ጋሪው ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪሰወር መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። ወደ ግቢው ስትመለስ ሕዝቡ በየቤቱ ገብቷል። ጆሪ ብቻውን የመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የታሰረበትን አንጓ ያሻል።

«ደህና ነዎት፣ አባባ?»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ምን?»

«ማን ጠየቀሽ ነው የምልሽ!» ተነሥቶ ቆመ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው! ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ ወገቤ አያስተኛኝ፤ ጥርስ የለኝ! ለዚህ ለደረቀ አንገት ደህና ሥራ አግኝቼለት ነበር። አንቺ ደግሞ ብድግ ብለሽ... የሚወለደውን ማን ያጠምቀዋል? ነገ ፓስኮን ሲይዙት ማን ቆሞ ይዋሽለታል? አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የእርስዎን አንገት በልቶ በዚያው እጁ ሲያቆርበኝ አፌን ልክፈትለት?»

«አዎ! ትከፍቺ ነበር! ሁሉም ሊከፍት ተዘጋጅቶ ነበር!»

«እኔ ሁሉም አይደለሁም!»

«አይደለሽም! አንቺ የባልሽን ንዴት ነው የተወጣሽበት!»

  «አዎ» አለች ዊልሞት። «እሱም አለበት። ንጉሡ ሩቅ ነው፣ አባባ። መጽሐፉን የጻፉት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የተከፋፈሉት፣ ሁሉም ሩቅ ናቸው። እጄ የደረሰው እሱ ላይ ነው።»

«አሁን በረደልሽ?»

«አልበረደልኝም።»

«ለእኔም አልበረደልኝም!» ብሎ ከዘራውን መሬት ላይ ወረወረው። «ኖዌልን ሕፃን ሆኖ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ! ሻማ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» ተመልሶ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዊልሞት ከዘራውን አንሥታ አጠገቡ አቆመችለት። እጇን ትከሻው ላይ ልታሳርፍ አሰበችና ተወችው።

ወደ ማማው ሥር ሄደች። አናጢዎቹ የሠሩበት መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በጀርባዋ አዝላ እየጎተተች አመጣችውና ጥዱ ላይ አስደገፈችው።

ጆሪ ፊቱን ገለጠ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላወርደው።»

«አብደሻል? ያወረደ ይሰቀላል ተብሏል እኮ!»

«ተብሏል። ሲጠይቁኝ አልገባኝም እላለሁ። የሚያስረዳኝን ሰው ሰቅለውታል።»

የእርሻ ካራዋን ከመቀነቷ መዝዛ ጥርሷ መሃል ያዘች። የመጀመሪያውን ርብራብ ረገጠች። መሰላሉ የጥዱ ሥሮች ላይ አልቆም ብሎ ተንሸራተተ፤ ቅርንጫፉን ይዛ ተንጠለጠለች። ሁለተኛ ሞከረች።

«እልኸኛ!» አለ ጆሪ። «ያባትሽ ልጅ! መንደሩን ልታስጨርሽ! ያቺ እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ሰው የማትሰማ፣ የማትመለስ፣ አጉል!» እየተንፏቀቀ መጣ። በሕመሙ ምክንያት ማጎንበስ ስለማይችል ደረቱን መሰላሉ ላይ ጣለ፤ በሁለት እጁም ጨምድዶ ያዘው። «ቁልቁል አትዪ! ገመዱን ስትቆርጪው በብብቱ ያዢው እንጂ አትልቀቂው። ሰምተሻል? እንዳትጥዪው!»

ዊልሞት ካራው ጥርሷ መሃል ስለነበር አልመለሰችለትም። መውጣቷን ቀጠለች። ጆሪም ከሥር፣ መሰላሉን እንደያዘ፣ እርግማኑን አላቋረጠም።